ቦትስዋና ተቃዋሚው ስላሸነፈ «ለስደተኛ ሁሉ ወረቀት ይሰጣል» የሚባለው ምን ያህል እውነት ነው?

ታቦር ሥር (ጠያቂ)

ሰላም ለቤቱ። ሰሞኑን እዚህ ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ የሚዞር ወሬ አለ። ደላሎቹ «ቦትስዋና መንግሥት ተቀይሯል፤ አዲሱ ፕሬዚዳንት ወረቀት ለሌለው ሠራተኛ ሁሉ ፈቃድ ሊሰጥ ነው፤ ጆሃንስበርግ ድረስ መንከራተት ቀረ» እያሉ ከወጣቶች ቅድሚያ ክፍያ ይቀበላሉ። ልጆቹን «ወሬ ነው፣ አትስሙ» ብቻ ብትላቸው አይሰሙም። ቁጥርና ስም ነው የሚፈልጉት።

ስለዚህ ጉዳዩን የምታውቁ፦ ሰውዬው በትክክል ምን አለ? ስለ ማን ነው የተናገረው? አንድ መንግሥት «ሕጋዊ አደርጋለሁ» ካለበት ቀን እስከ ካርዱ ድረስስ ምን ምን አለ? እግረ መንገዳችሁንም 58 ዓመት የገዛ ፓርቲ በአንድ ምርጫ እንዴት እንደዚያ እንደተንኮታኮተ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።


ድምፅ ቆጣሪ

ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር፣ ሌላው የሚፈታው ከሱ ነው።

ምርጫው የተካሄደው ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ ኦክቶበር 30፣ 2024። ያሸነፈው ዩዲሲ የሚባል የፓርቲዎች ጥምረት ነው፤ ስሙ «ጃንጥላ ለዴሞክራሲያዊ ለውጥ» እንደ ማለት ነው። መሪው ዱማ ቦኮ የሰብአዊ መብት ጠበቃ ነበር። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1966 ነጻ ከወጣች ጀምሮ ያለ ማቋረጥ የገዛው ቢዲፒ የሚባለው ፓርቲ ነው። የቢዲፒው ፕሬዚዳንት ማሲሲ ቆጠራው ተጠናቆ ሳይገለጽ ሽንፈታቸውን ተቀበሉ፣ ቦኮም ከምርጫው ሁለት ቀን በኋላ ቃለ መሐላ ፈጸመ። ለአፍሪካ ብርቅ የሆነው ይኼ ነው፣ ግን እሱን እንለፈው።

ከ61 ወንበር ዩዲሲ 36፣ ሌላው ተቃዋሚ ቢሲፒ 15፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ኢያን ካማ የሚደግፉት ቢፒኤፍ 5፣ ቢዲፒ 4 አገኙ፤ አንዱን የግል ዕጩ ወሰደው። ይህን ያየ ሕዝቡ ቢዲፒን ጨርሶ የተፋው ይመስለዋል። ድምፁ ግን ሌላ ነው የሚለው፤ ዩዲሲ ከመቶ 37 ገደማ፣ ቢዲፒ ከመቶ 30 ገደማ ነው ያገኙት። ሥርዓቱ እንደ እኛው አገር አብላጫ ድምፅ ነው፤ በየምርጫ ክልሉ አንደኛ የወጣ ይገባል፣ ሁለተኛው ባዶ እጁን ይመለሳል። ያ ሥርዓት ለዓመታት ሲጠቅም የኖረው ራሱን ቢዲፒን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ከግማሽ በታች ድምፅ ይዞ ከ57 ወንበር 37ቱን ወስዷል። በ2024 ያው ቢላዋ ዞሮ ቆረጠው። ፕሬዚዳንቱ ደግሞ በቀጥታ አይመረጥም፤ ፓርቲው 31 ወንበር ከሞላ በቃ፣ ሥልጣኑ የሱ ነው።

ምክንያቱ አልማዝ ነው። ከውጭ ንግድ ገቢው 80 ከመቶ ያህሉ ከአልማዝ ነው። የዓለም ገበያው ሲቀዘቅዝና በፋብሪካ የሚሠራው አልማዝ ሲረክስ የመንግሥት ካዝና ሳሳ፤ ሥራ አጥነቱ ከመቶ 27 አለፈ። እንግዲህ ልብ በል፦ ቦኮ የተመረጠው «ሥራ አጣን» በሚል ሕዝብ ነው። ስለ ውጭ አገር ሠራተኛ የሚናገረውን ሁሉ በዚህ ሚዛን ስማው።

ያለውስ ምንድን ነው? ሥልጣን በያዘ በሳምንታት ውስጥ ለቢቢሲ በሰጠው ቃለ ምልልስ፣ ወረቀት ሳይኖራቸው አገሩ ውስጥ ለሚኖሩ ዚምባብዌያውያን ጊዜያዊ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ቢሰጥ እንደሚሻል ተናገረ። ክርክሩ ሁለት እግር አለው። አንደኛ፣ ወረቀት የሌለው ሰው ከሕግ ውጭ ስለሚኖር ለወንጀልም ለብዝበዛም ይጋለጣል፤ ስለዚህ መዝግቦ ማወቅ ይሻላል። ሁለተኛ፣ እርሻና የቤት ሥራን የመሰለውን የአገሬው ሰው የማይወደውን ሥራ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ጎን ለጎንም የራሱን ወጣቶች ብየዳና የቧንቧ ሥራ ማሠልጠን እንደሚያስፈልግ አክሏል።

ንግግሩ ስለ ዚምባብዌያውያን ነው። ዚምባብዌ ጎረቤት ናት፤ በሰሜን ምሥራቅ የካላንጋ ሕዝብ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ይኖራል። ቦትስዋና እ.ኤ.አ. በ2003 በዚያ ድንበር 500 ኪሎ ሜትር ያህል የኤሌክትሪክ አጥር መዘርጋት ጀምራ ነበር፤ ሰበቡ የከብት በሽታ ነው ተብሏል፣ ዚምባብዌዎቹ ግን ለሰው ነው ብለው ተቀየሙ። በ2024 መጀመሪያ ላይ ማሲሲ «በመታወቂያ ብቻ እንዲሻገሩ እናድርግ» ሲሉ የራሳቸው ሕዝብ በማኅበራዊ ሚዲያ አብጠለጠላቸው። ጎረቤት ለሆነ፣ ቋንቋ ለሚጋራ ሕዝብ እንኳ እንዲህ ያለ ቁጣ ካለ፣ ከሞያሌ ለሚነሳ ልጅ ማን ድምፁን ያነሳለታል?


የወረቀት ሰው

ድምፅ ቆጣሪ ፖለቲካውን ስለጨረሰው ከንግግር እስከ ካርድ ያለውን መንገድ ልናገር። ቦትስዋናን ብቻ ካየን አይገባንም፣ እስከ መጨረሻው የሄዱ አገሮችን እንይ።

ጥሩው ምሳሌ ስፔን ነው። እዚያም ተቃዋሚው ነበር ያሸነፈው፤ ሶሻሊስቶቹ በማርች 14፣ 2004 ተመረጡ። የማስመዝገቢያው መስኮት የተከፈተው ፌብሩዋሪ 7፣ 2005 ሲሆን የተዘጋው ሜይ 7 ነው፤ ሦስት ወር። አመልካቹ ከኦገስት 8፣ 2004 በፊት ስፔን ውስጥ በማዘጋጃ ቤት ተመዝግቦ ይኖር እንደነበር ማስረዳት፣ ከወንጀል ነጻ መሆን፣ ቢያንስ የስድስት ወር የሥራ ውል ማቅረብ (ለእርሻ ሦስት ወር) ነበረበት።

የደላሎቹን ወሬ የሚገድለው ያቺ የኦገስት ቀን ናት። መስኮቱ ከመከፈቱ ስድስት ወር ቀድማ ነው የተቆረጠችው። ስፔን ያደረገችውን ሌሎቹም ያደርጉታል፤ ሕጋዊ አደርጋለሁ የሚል መንግሥት ቀኑን ወደ ኋላ ነው የሚቆርጠው፣ ወደ ፊት ከቆረጠው ድንበሩ ላይ ሰው ይጎርፍበታላ። ስለዚህ ዜናውን ሰምቶ የተነሳ ሰው፣ ዜናው እውነት እንኳ ቢሆን፣ ሲደርስ ከቀኑ በኋላ የገባ ነው። ደላላው የሚሸጠው በር ገዢው ሳይደርስ የሚዘጋ በር ነው።

ማነቆው የት እንደሆነም እንይ። ስፔን ላይ ብዙዎች የወደቁት የማዘጋጃ ቤት ምዝገባውን ማሳየት አቅቷቸው ነው፤ ፖሊስ ያገኘኛል ብሎ የፈራ ሰው መዝገብ ላይ ስሙን አያሰፍርም። መንግሥት መጨረሻ ላይ ሌሎች ይፋዊ ማስረጃዎችንም ለመቀበል ተገደደ። በአጭሩ በደንብ የተደበቀው ሰው ነው የተቀጣው።

ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 ለዚምባብዌያውያን ልዩ ፈቃድ ስትጀምር ማነቆው ፓስፖርት ሆነ። ፈቃዱ የሚለጠፈው ፓስፖርት ላይ ነው፣ የዚምባብዌ መንግሥት ደግሞ ያን ያህል ፓስፖርት በዚያ ፍጥነት ማተም አልቻለም። ሰው ቀጣሪ ይዞ፣ ማመልከቻ ሞልቶ፣ በአገሩ ቆንስላ በር ላይ ሰልፍ ሲጠብቅ ቀነ ገደቡ ደረሰ። በደላላ የሚሄድ ልጅ ፓስፖርቱን ወይ አላወጣውም፣ ወይ መንገድ ላይ ተቀምቷል፣ ወይ «ከያዝከው ወደ አገርህ ይመልሱሃል» ተብሎ ጥሎታል።

ሦስተኛው ቀጣሪው ነው። ፈቃዱ በውል ከሆነ ቀጣሪው «አዎ፣ እስከ ዛሬ በሕገወጥ መንገድ አሠርቼዋለሁ» ብሎ መፈረም አለበት፣ ከዚያም መዋጮ ይከፍላል። ስፔን ላይ ፈቃዱ ሥራ ላይ የሚውለው ቀጣሪው ሠራተኛውን ማኅበራዊ ዋስትና ውስጥ ሲያስመዘግበው ብቻ ነበር። ብልጠት ነው፤ የመንግሥት ካዝና ወዲያው ገባበት። ቆጣቢው ቀጣሪ ግን ከማስመዝገብ ማባረርን ይመርጣል።

ይህን ሁሉ አልፈው ስፔን ላይ ወደ 700 ሺህ ሰዎች ፈቃድ አገኙ።


አሞራ ገደል

የወረቀት ሰው፣ ጽሑፍህ ግሩም ነው፤ ቁጥሩን ብቻ ላስተካክል። 700 ሺህ የሚጠጋው ያመለከተው ነው። የተፈቀደለት ከ600 ሺህ በታች ነው። የወደቀው መቶ ሺህ ሰው ደግሞ አሁን ስሙና አድራሻው መንግሥት እጅ ገብቷል። ልጆቹ ይህንንም ማወቅ አለባቸው።

ሌላው፦ ካርዱ ከተገኘም በኋላ «ጊዜያዊ» የሚለው ቃል ሰውን እንዴት እንደሚያሠቃይ ደቡብ አፍሪካን እንይ። ያ የ2010 ፈቃድ ሁለት ጊዜ ስሙን ቀይሯል። በመጨረሻ የያዙት 178 ሺህ ገደማ ዚምባብዌያውያን ናቸው። በ2021 መጨረሻ መንግሥት አላድስም አለ፤ በ2023 ፍርድ ቤት ሳታማክር ማቋረጥ አትችልም ብሎ ሻረው፤ ከዚያ እስከ ኖቬምበር 2025 ተራዘመ፣ እንደገና እስከ ሜይ 2027። አሥራ አምስት ዓመት የኖረ ሰው ዛሬም በቀጠሮ ነው የሚኖረው። የሚያበቃበት ቀን ሲቃረብ ባንክ «ሒሳብህን እዘጋለሁ» ይላል፣ ቀጣሪ ውል አያድስም፣ አከራይ ይጠራጠራል። ጥሩ ካርድ ማለት የማደሻው መንገድ ሲሰጥ ጀምሮ የተጻፈበት ነው። ከቦኮ ንግግር ውስጥ ይህ አልነበረም፤ ያኔ ሐሳብ እንጂ ደንብ አላቀረበም።


ሚዛን

እኔ ግን ቦኮን የሚቃወሙት ላይ ባንፈርድ እላለሁ። ከአራት ሰው አንዱ ሥራ ያጣባት አገር ናት፤ ሕዝቧም ሁለት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ካዝናው ባዶ ነው፤ በኦገስት 2025 እኮ መድኃኒት አልቆ የሕዝብ ጤና አስቸኳይ ጊዜ አውጀዋል። ሐኪም ቤት ፓራሲታሞል ያጣ ሰው «መጀመሪያ እኛ» ቢል ዘረኛ ነው? ሠራተኛ ሲበዛ ደመወዝ ይወርዳል፤ ይህን ለማወቅ ዋና ከተማዋ ጋቦሮኔ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።


የወረቀት ሰው

አሞራ ገደል፣ ስለ ቁጥሩ አመሰግናለሁ፤ ልክ ነህ።

ሚዛን፣ ዘረኛ ያለ የለም። ግን «ሠራተኛ ሲበዛ ደመወዝ ይወርዳል» የሚለው ሰውዬው ገና ከውጭ ሲመጣ ነው የሚሠራው። ቦኮ የተናገረው አገር ውስጥ ስላሉት ነው፤ ቁጥራቸው በካርድ አይጨምርም። ካርድ የሚቀይረው ዋጋቸውን ነው። ወረቀት የሌለው ሠራተኛ ከሕጋዊው የደመወዝ ወለል በታች ቢከፈለው የሚከስስበት የለውም፤ ስለዚህ ቀጣሪው ከአገሬው ሰው ይልቅ እሱን ይመርጣል። ካርድ ሲይዝ ግን ዋጋው ይወጣል፣ የአገሬው ሰውም እኩል ይፎካከራል።

ይህ የሚሆነው ሁለት ነገር ከተሟላ ብቻ ነው፤ የክርክሩ ክብደት ያለውም እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ካርዱ በአንድ ቀጣሪ ስም የታሰረ አለመሆኑ ነው። ከታሰረ ሠራተኛው ጥሎ መሄድ አይችልም፤ ጥሎ ከሄደ ካርዱን ያጣል። ዓረብ አገር ያሉ እህቶቻችን «ከፋላ» የሚሉትን ነው የምልህ፣ ካርድ እያለም ዋጋው አይወጣም። ሁለተኛው ተቆጣጣሪ ነው። ቦትስዋና ላይ ችግሩ የሚብሰው እዚህ ነው፤ የከብት ማቆያ ሥፍራዎቹ ከከተማ ርቀው በረሃ ውስጥ ናቸው፣ የቤት ሠራተኛዋ ደግሞ ከተዘጋ በር በስተጀርባ ናት። ዩዲሲ በምርጫ ዘመቻው የ4,000 ፑላ (የአገሩ ገንዘብ ነው) ዝቅተኛ ደመወዝ ቃል ገብቶ ነበር። ወለሉ ከፍ ብሎ ተቆጣጣሪው እዚያው ከቆመ፣ በድብቅ የሚሠራው ሰው ለቀጣሪው ይበልጥ ርካሽ ይሆናል። ሁለቱ ቃሎች፣ ወለሉና ካርዱ፣ አብረው ካልሄዱ አንዱ ሌላውን ይበላዋል። እኔ ተቃዋሚ ብሆን ኖሮ የምጠይቀው «ስንት የሥራ ተቆጣጣሪ ትቀጥራላችሁ?» ብዬ ነበር።


ሚዛን

የተቆጣጣሪው ነጥብ ገብቶኛል፤ በዚያ እስማማለሁ። በቀረው ግን አልተለወጥኩም።


ሕግ አዋቂ ነኝ አልልም

ጠያቂው፣ ክርክሩ ይቀጥል፤ ለልጆቹ የሚሆነውን ግን እዚሁ አገር ካለው ሕግ ልንገርህ።

የውጭ አገር ሥራ ስምሪት የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 923/2008 ነው፤ በ1246/2013 ተሻሽሏል። መሠረቱ ይህ ነው፦ ኢትዮጵያ ከተቀባዩ አገር ጋር ስምምነት ይኖራታል፣ ላኪው ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ይሆናል፣ ውሉ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በኩል ያልፋል። ኤጀንሲ ፈቃድ ለማግኘት 100 ሺህ ዶላር ወይም ተመጣጣኙን ብር በዝግ ሒሳብ ያስይዛል፤ ሠራተኛው ቢጎዳ የሚካሰው ከዚያ ነው። መናኸሪያ ቆሞ ስልክ የሚሰጥህ ሰው ይህን እንዳላስያዘ ለማወቅ ብዙ ምርመራ አያስፈልግም።

ገንዘቡን በሚመለከት ሕጉ ወጪውን ለሁለት ከፍሎታል። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ መድን የቀጣሪው ነው። ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባት፣ የልደት ማስረጃ፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ደግሞ የሠራተኛው ነው። ስለዚህ «ለቪዛና ለፈቃድ ይሄን ያህል አምጣ» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ፣ የሚጠይቀው ሕጉ በቀጣሪው ላይ የጣለውን ወጪ ነው። ሐዋሳ ያለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄዶ «ይህ ኤጀንሲ ፈቃድ አለው ወይ? ወደዚህ አገር ስምሪት አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ በነጻ ነው። ደላላው በሕገወጥ መንገድ ድንበር የሚያሻግር ከሆነ የሚጠየቀው በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ነው።

መንገዱን በተመለከተ ብዙ ማለት አልፈልግም፣ ሁለት ቁጥር ብቻ። በማርች 2020 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ላይ አንድ የጭነት መኪና ሲፈተሽ ኮንቴይነሩ ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው ተገኙ፤ በሕይወት የወጡት 14 ናቸው። ኮንቴይነር ለዕቃ የተሠራ ነው፤ ሲታሸግ አየር አይገባበትም፣ ከውስጥም አይከፈትም። ሾፌሩ ኬላ ላይ ሲዘገይ ውስጥ ያለው ሰው ማንኳኳት ይፈራል። በዲሴምበር 2022 ደግሞ ሉሳካ ዳርቻ 27 አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ፤ የዛምቢያ ፖሊስ ኢትዮጵያውያን እንደሚመስሉት ተናገረ። ወደ ቦትስዋና የሚያስገባው መንገድ ደግሞ ያው በዛምቢያ ወይም በዚምባብዌ በኩል ነው። «ደቡብ አፍሪካ ቀረ» ማለት መንገዱ አጠረ ማለት አይደለም።

ከገባ በኋላ «ጥገኝነት እጠይቃለሁ» ለሚልም፦ ቦትስዋና ስደተኛን ከተማ ውስጥ አታኖርም። ጥያቄው እስኪታይ ፍራንሲስታውን ባለው ማቆያ ይቆያል፣ ከተቀበሉት ዱክዊ ወደሚባለው ካምፕ ይሄዳል። እንደ ልብ ወጥቶ መሥራት የለም።


ታቦር ሥር (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የሁላችሁንም አትሜ ላሳያቸው ነው። አንድ ነገር ቀረኝ። ከደላሎቹ አንዱ በስልኩ «ከቦትስዋና የመጣ የሥራ ፈቃድ» የሚል ወረቀት እያሳየ ነው፤ ማኅተም አለው፣ የልጆቹ ሙሉ ስምም አለበት። ልጆቹን ያሳመናቸው እሱ ነው። እንዴት ይጣራል?


የወረቀት ሰው

ማኅተሙን ተወው፤ ማኅተም በስልክ ይሠራል። የሥራ ፈቃድ ላይ የቀጣሪው ስም፣ የሥራው መደብ፣ የሚያበቃበት ቀን ይኖራል። ቀጣሪው ያን ሥራ የሚሠራ የአገሬው ሰው አለመገኘቱን አስረድቶ የሚያወጣው ስለሆነ «ማንኛውም ሥራ» የሚል ፈቃድ ካየህ ሐሰት ነው። የቀጣሪውን ስም አንብበው፣ ድርጅቱን ራስህ ፈልገህ ደውል፤ ደላላው በሰጠህ ቁጥር አይደለም።

ከሁሉ በፊት ግን ፈቃድ የሚሰጠው በፓስፖርት ቁጥር ነው። ልጆቹ ፓስፖርት አውጥተዋል?


ታቦር ሥር (ጠያቂ)

አላወጡም። «አያስፈልግም፣ እዚያው ትወስዳላችሁ» ብሏቸዋል።


የወረቀት ሰው

እንግዲያው ነገ ወረቀቱን አስከፍታችሁ የፓስፖርት ቁጥር የሚለውን መስመር ፈልጉ። ባዶ ከሆነ ፈቃድ አይደለም። ቁጥር ካለበት ደግሞ የማን እንደሆነ ይጠይቁት።